ጠብታዋ ሮጠች ወይስ ቆመች?

እህቴ ከሽሮ ሜዳ ስትደውልልኝ ድምጿ ውስጥ ንዴትም ሳቅም ነበረበት። «ማማሰያው ድስቱ ውስጥ ተተክሎ ቀረ። ማርማላታሽ ደስታ ከረሜላ ሆኗል፤ መጥተሽ በመዶሻ ስበሪው» አለችኝ። የላክሁላትን አሠራር አንድም ሳታጓድል ተከትላለች፦ አንድ ኪሎ እንጆሪ፣ ከአንድ ኪሎ ጥቂት ያነሰ ስኳር፣ የሁለት ሎሚ ጭማቂ፣ ከዚያ የምግብ ቴርሞሜትሩ 104 ዲግሪ እስኪያሳይ ማፍላት። ቴርሞሜትሩንም የላክሁላት እኔው ነኝ። ቶሮንቶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ ባለችው ጠባብ ወጥ ቤቴ በዚሁ ቁጥር ስንት ጊዜ ሠርቼ አንድ ቀን አላሳፈረኝም። እሷ ግን ጠበቀች፣ ጠበቀች፤ ቴርሞሜትሩ እየተንፏቀቀ፣ እንጆሪው እየጠቆረ ሄዶ 104 ሲደርስ ነገሩ አብቅቶ ነበር። ከስልኩ ማዶ የእማዬ ድምፅ ተሰማኝ፦ «ሳህን አጣችሁ እንዴ ልጆቼ?»

አላጣንም። ረስተነው ነው።

ልጆች ሳለን እማዬ ማርማላታ የምትሠራው እንጆሪ ከእንጦጦ በኩል ሲመጣ ነበር። እንጆሪ ስል ዛሬ በየሱፐርማርኬቱ በፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጠውን ትልቁን ቀይ ፍሬ ማለቴ አይደለም። የኛ እንጆሪ እሾኻም ቁጥቋጦ ላይ የሚያፈራ፣ ትናንሽ ዶቃዎች የተሰካኩበት የሚመስል፣ ሲበስል የሚጠቁር የዱር ፍሬ ነው። እንደ አጋምና እንደ ኮሽም የእረኛ ምግብ ነበር። የሰፈር ልጆች በጣሳ ለቅመው፣ ላዩን በቅጠል ሸፍነው ይወርዳሉ፤ ጣቶቻቸው ወይን ጠጅ መስለው። እማዬ ታዲያ ከበሰለው ጋር ገና ያልበሰለውን ቀዩን አንድ ሁለት እፍኝ አብራ ትገዛ ነበር። ለቅመን ልንጥለው ስንል «ተዉት፤ እሱ ነው የሚያቆመው» ትለናለች። ምኑን እንደሚያቆመው ጠይቀናት አናውቅም።

ከሰል ምድጃው ላይ ድስቱ ሲንተከተክ እሷ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ታማስላለች። ቤታችን ፍሪጅ አልነበረም፤ ስለዚህ አጠገቧ ቀዝቃዛ ውኃ የያዘ ሳፋ ይቀመጣል፤ ሳፋው ላይ አንድ የቆርቆሮ ሳህን ይንሳፈፋል። አረፋው ረገብ ሲል ከማማሰያው ጫፍ አንዲት ጠብታ ሳህኑ ላይ ትጥልና በልቧ ትንሽ ትቆጥራለች። ከዚያ ሳህኑን አዘንብላ እኛን ትጠይቃለች፦ «ሮጠች ወይስ ቆመች?» ጠብታዋ ወደ ሳህኑ ጠርዝ ከሮጠች ድስቱ ይቀጥላል፤ ተረኛው ልጅ ሳህኑን ይልሳል። ጠብታዋ ባለችበት ካበጠች፣ በጣት ገፋ ሲያደርጓት ቆዳዋ ከተጨማደደ ቆማለች፤ ድስቱ ይወርዳል። እኛ ጨዋታ መስሎን ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን እናቴ ትሠራው የነበረው ምርመራ ከላክሁት ቴርሞሜትር የበለጠ አስተማማኝ ነው። ለምን እንደሆነ ቀስ ብዬ ላስረዳ።

ሽሮ ሜዳ የሸማኔ ሰፈር ነውና በሸማኔ ቋንቋ ልጀምር። በፍሬ ውስጥ፣ በተለይ በልጣጩና ፍሬውን አያይዞ በሚያቆመው አካል ውስጥ፣ ፔክቲን የሚባል ነገር አለ። በዓይን የማይታይ ረጅም ክር ነው እንበል። ፍሬው ሲፈላ ክሩ እየተፈታ ወደ ጭማቂው ይገባል። ክር ስላለ ብቻ ግን ሸማ አይገኝም። ጭማቂው ውስጥ የተበተኑትን ክሮች ሁለት ነገሮች አራርቀው ይይዟቸዋል። አንደኛ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ሁለተኛ፣ ውኃ እያንዳንዱን ክር ከብቦ ስለሚይዘው ከጓደኛው ጋር አይገናኝም።

ሎሚ የሚገባው ለመጀመሪያው ችግር ነው። ኮምጣጣ ነገር የክሮቹን መገፋፋት ያበርደዋል። ስኳር ደግሞ ሁለተኛውን ይፈታል፤ ስኳር ውኃ ወዳድ ስለሆነ ክሩን የከበበውን ውኃ ወደ ራሱ ይስበዋል። ያን ጊዜ ክሮቹ ይቀራረባሉ፣ እንደ ድርና ማግ ይያያዛሉ፣ ጭማቂውም በመረቡ ቀዳዳዎች ውስጥ ተይዞ ይቀራል። ማርማላታ ረጋ የምንለው ይህን ነው። ከሦስቱ፣ ማለትም ከፔክቲን፣ ከኮምጣጣነትና ከስኳር፣ አንዱ ከጎደለ ቀኑን ሙሉ ብታፈሉት ሽሮፕ እንጂ ማርማላታ አታገኙም። እንዲያውም መፍላቱ ከልክ ሲያልፍ ክሩ ራሱ መበጣጠስ ይጀምራል።

እዚህ ላይ የእማዬ ቀይ እንጆሪ ይመጣል። ፍሬ ሲበስል የሚለሰልሰው በውስጡ ያለው ፔክቲን እየተበታተነ ስለሚሄድ ነው። ያልበሰለው ፍሬ ክሩ ገና ሙሉ ነው፤ ኮምጣጣነቱም ይበልጣል። ስለዚህ የበሰለው ጣዕሙንና ቀለሙን ሲያዋጣ ጥሬው መርጊያውን ያዋጣል። «እሱ ነው የሚያቆመው» ማለቷ ቃል በቃል እውነት ነበር፤ ፔክቲን የሚለውን ቃል ግን በሕይወቷ ሰምታው አታውቅም። እናንተም ጥሬ ፍሬ ካጣችሁ አንድ አረንጓዴ ፖም ከነልጣጩ ፈቅፍቃችሁ ጨምሩ፤ ያው ሥራ ይሠራል።

አሁን ወደ እህቴ ድስት እንመለስ። ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን ትምህርት ቤት የተማርነው የሚሠራው በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር ላያችን ላይ ያለው አየር ይሳሳል፣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ውኃውም ቶሎ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል። የቶሮንቶው ኦንታሪዮ ሐይቅ ከባሕር ወለል 75 ሜትር ያህል ብቻ ነው ከፍ የሚለው፤ የኔ ሰፈርም ከዚያ ብዙ አይርቅም። እዚህ ውኃ በ100 ይፈላል ብንል አንሳሳትም። ሽሮ ሜዳ ግን እንጦጦ ተረተር ሥር፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይንተከተካል። አዲስ አበባ ላይ ባቄላ አልበስል ብሎ የሚያስቸግረውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ድስቱ ቢንፈቀፈቅም ሙቀቱ ዝቅ ያለ ነው።

ስኳር የገባበት ውኃ ከተራ ውኃ ከፍ ባለ ሙቀት ይፈላል። ማርማላታ የሚረጋው በድስቱ ካለው ከመቶ 65 እጅ ያህሉ ስኳር ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜ የሚፈላበት ሙቀት ከውኃው መፍያ በ4 ዲግሪ ገደማ ይበልጣል። 104 የሚለው ቁጥር ከዚህ የመጣ ነው፤ 100 ሲደመር 4። ለሽሮ ሜዳ ግን 92 ሲደመር 4፣ ማለትም 96 ነበር ልክ የሚሆነው። እህቴን 104 ጠብቂ ስላት ከውኃ መፍያ 12 ዲግሪ በላይ እንድትወጣ ነግሬያታለሁ ማለት ነው። እዚያ ለመድረስ አብዛኛው ውኃ ተንኖ ማለቅ አለበት፤ የሚቀረው የከረሜላ ስኳር ነው። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። ለሐይቅ ዳር የተጻፈ ቁጥር ወደ ተራራ የላክሁት እኔ ነኝ።

የሳህኑ ጠብታ ይህን ሁሉ ስሌት አትፈልግም። የሳህኑ ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ነገር ሲቀዘቅዝ ይረጋል ወይስ አይረጋም? በእንጦጦም፣ በመተማ ቆላም፣ በቶሮንቶም መልሱን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር፦ ጠብታዋን እየጠበቃችሁ ድስቱን እሳት ላይ አትተዉት። አውርዱት፣ እዩ፣ ካልቆመች መልሱት። በዚያች አንድ ደቂቃ ስንቱ ማርማላታ አልፏል!

ቶርንክሊፍ ፓርክን ለማታውቁት፣ ከዶን ወንዝ ሸለቆ በላይ፣ እንደ ፈረስ ኮቴ በተጠማዘዘ አንድ መንገድ ዙሪያ ረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎች የቆሙበት ሰፈር ነው። ኮቴ ማለቴ ያለ ነገር አይደለም፤ ቦታው እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ የፈረስ እሽቅድድም ሜዳ ነበር፤ ሜዳው በ1950ዎቹ ተዘግቶ ነው ሕንፃዎቹ የበቀሉት። ዛሬ የፓኪስታን፣ የአፍጋኒስታንና የሕንድ ሰው በብዛት ይኖርበታል። እኛ ጥቂት ነን፤ እንጀራ ሲያምረኝ ዳንፎርዝ መንገድ ድረስ እወርዳለሁ። የእንጦጦውን እንጆሪ ግን ዳንፎርዝም አላገኘሁትም።

የተካው ክራንቤሪ ነው። መጀመሪያ ያመጣችው ልጄ ናት፤ ለምስጋና ቀን ትምህርት ቤት ሥዕሉን ሥላ መጣችና ግዢልኝ አለችኝ። ጥሬውን ብቀምሰው ጥርስ የሚያጠርስ፣ ፊት የሚያኮማትር ሆነብኝ። ኮሽም ነው እኮ! አልኩ። ክራንቤሪ የዚሁ የሰሜን አሜሪካ ተወላጅ ነው፤ ረግረጋማ መሬት ላይ እየተሳበ ያድጋል። የምድሩ ቀደምት ሕዝቦች ከደረቀ ሥጋና ከስብ ጋር ወቅጠው የመንገድ ስንቅ ያደርጉት ነበር፤ የእነሱ ቋንጣና በሶ በሉት። ከቶሮንቶ በስተሰሜን ባላ በምትባል ትንሽ ከተማ በየጥቅምቱ የክራንቤሪ በዓል ይከበራል። ሲለቀም ማሳው በውኃ ይሞላል፤ ፍሬው ውስጡ የአየር ክፍሎች ስላሉት ተንሳፍፎ ይወጣል፣ ማሳው በሙሉ ቀይ ሐይቅ ይሆናል። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ ክራንቤሪ ፔክቲኑም ኮምጣጣነቱም ከራሱ የተትረፈረፈ ነው። ከሦስቱ ሁለቱን ይዞ ስለሚመጣ ከእኛ የሚጠብቀው ስኳር ብቻ ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ፍሬ አላውቅም።

ሱፐርማርኬት የሚሸጠው ከረጢት ብዙውን ጊዜ 340 ግራም ነው። እጠቡት፤ የላሸቀውን አውጡ። በአንድ ኩባያ ውኃ ጣዱት። ድስቱ የማይዝግ ብረት ወይም ሸክላ ይሁን፤ ኮምጣጣ ነገር ከአሉሚኒየም ጋር ሲቆይ ጣዕሙን ያበላሻል። ሲፈላ ፍሬው እንደ ፈንዲሻ መንጣጣት ይጀምራል፤ ውስጡ ያለው አየርና እንፋሎት ልጣጩን እየቀደደው ነው። ልጄ ከድስቱ ፈንጠር ብላ ቆማ ጆሮዋን አቁማ ትቆጥራለች፤ ሠላሳ ላይ ሁልጊዜ ይጠፋባታል። እኔ ስኳሩን የምጨምረው አብዛኛው ፍሬ ከፈነዳ በኋላ ነው፤ ቀድሞ የገባ ስኳር ልጣጩን ጠንከር ያደርገዋል። አንድ ኩባያ፣ ወደ 200 ግራም፣ ይበቃል። ከስኳሩ ጋር የብርቱካን ልጣጭ ላዩን ብቻ ፈቅፍቄ እጨምራለሁ፤ ነጩ ስለሚመር አልነካውም። ከአንድ ራስ ኮረሪማ ጥቂት ፍሬ ፈልፍዬ፣ ወቅጬ እነሰንሳለሁ። ኮረሪማው የኔ ጭማሪ ነው፤ ያለ እሱ የካናዳ ሶስ ነው፣ ከእሱ ጋር የቤታችን። ከመጀመሪያው መፍላት አንሥቶ አሥር ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ድስቱ ውስጥ ገና ቀጠን ያለ ሲመስላችሁ አውርዱት፤ ሲቀዘቅዝ ብዙ ይወፍራል።

ይህ ሶስ እንደ እንጆሪው ማርማላታ ስኳሩ ብዙ አይደለም፤ ልዩነቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ማርማላታን ለወራት የሚያቆየው ስኳሩ ነው፤ ውኃውን አስሮ ስለሚይዘው ሻጋታና ባክቴሪያ የሚጠጡት ያጣሉ። ሶሱ ግን ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሳምንት ነው ዕድሜው። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት። ትኩሱን ቀዝቃዛ ጠርሙስ ውስጥ አትገልብጡ፣ ይሰነጠቃል፤ ጠርሙሱን አስቀድማችሁ በሙቅ ውኃ አሙቁት።

የካናዳ የምስጋና ቀን በጥቅምታቸው ሁለተኛ ሰኞ ነው፤ ፓርላማቸው ይህን የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። በእኛ አቆጣጠር ሁልጊዜ ወርኃ ጽጌ ውስጥ ይውላል፤ መስከረም 26 ገብቶ ኅዳር 5 የሚያበቃው ማለት ነው። የጽጌ ጾም የፈቃድ ነው፤ እማዬ አንድ ዓመት አስታጉላው አታውቅም። ልጄ ከትምህርት ቤት የሰማችውን ይዛ ቱርክ ካልተሠራ ስትል የኔ ልብ ድፎ ዳቦውና ቀዩ ሶስ ላይ ነው፤ ቅቤ የለበትም፣ ወተት የለበትም፣ ለጾመኛም ለገደፈም ይቀርባል። ሁለቱንም አቀርባለሁ። ዳቦው ግን ሁልጊዜ ቀድሞ ያልቃል።

አንድ ዓመት ጠርሙስ ይዤ ጎረቤቴ ዘንድ ገባሁ። አፍጋናዊት ናት፣ በዕድሜ እናቴን ትሆናለች፤ «ልጄ» ነው የምትለኝ። ቀምሳው «ሙራባ!» አለች። ፍሬ በስኳር ተቀቅሎ ሲረጋ በዳሪም በኡርዱም ሙራባ ይባላል። በፋንታዋ የራሷን አወጣችልኝ። ፖም ከሚመስል፣ ጥሬውን ከማይበላ፣ ቢሂ ከሚሉት ደረቅ ፍሬ የተሠራ ነበር፤ ፍሬው ውስጡ ነጭ ሲሆን ብዙ ሲቀቀል ወደ ቀይ ይለወጣል። ቤቴ ገብቼ ሳጣራ ገረመኝ። እኛ ማርማላታ ያልነው ከጣሊያኖች ወስደን ነው፤ ጣሊያኖቹ ደግሞ ቃሉን ያገኙት ከፖርቱጋሎች ነው፤ በፖርቱጋሎቹ ቋንቋ መነሻው የዚሁ የቢሂ ፍሬ ስም ነው። እናቴ በሽሮ ሜዳ ስትጠራው የኖረችው ቃል ወላጅ በጎረቤቴ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። እንዴት እንደበሰለ የምታውቀው በምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋት። አውራ ጣቷን አነሣች። ጠብታውን ጥፍሯ ላይ ትጥላለች፤ ከፈሰሰ አልደረሰም፣ ከቆመ ደርሷል።

እዚህ ሰፈር መሐል፣ አር ቪ በርጀስ በሚባለው መናፈሻ፣ የሰፈሩ ሴቶች ጠይቀው ያሠሩት የሸክላ ታንዱር ምድጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሲቆም በሰሜን አሜሪካ የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ የመጀመሪያው ታንዱር ተብሎለታል። በበጋ ከእሱ በወጣ ትኩስ የናን ዳቦ ላይ የክራንቤሪውን ሶስ ስንቀባላቸው ልጄና የጎረቤቴ የልጅ ልጆች ሣሩ ላይ ቁጭ ብለው ይበሉታል። ለዚህ ብዬ በየመከሩ አንድ ከረጢት ጥሬ ክራንቤሪ ፍሪዘር ውስጥ አስቀራለሁ።

እማዬ አሁን ዓይኗ ደክሟል፤ በስልኩ መስኮት ሳህኑን ስናሳያት አጥርታ አታየውም። ስለዚህ ልጄ ሳህኑን አዘንብላ በቃል ትነግራታለች። «እማማ፣ ትንሽ ሮጠች፣ ከዚያ ቆመች።» «ስትገፊያት ተጨማደደች?» «አልተጨማደደችም።» «እንግዲያው ሁለት ደቂቃ» ትላለች፤ ትክክል ትሆናለች። እህቴም ቴርሞሜትሩን ለሥጋ አድርጋዋለች። ከዚያ ወዲህ የሠራችው እንጆሪ ሁሉ ረግቷል።

እናታችሁ ወይም አያታችሁ በሕይወት ካሉ፣ ስንት ደቂቃ ነው ብላችሁ አትጠይቋቸው፤ «እስኪበቃው» ነው የሚሏችሁ። ሲበቃው ምን ይመስላል፣ ምን ይሸታል፣ ድምፁ እንዴት ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚሉትንም በራሳቸው ቃል ጻፉት። ክራንቤሪው ካናዳ ገበያ ላይ እስከ ታኅሣሥ ድረስ አለ። ሳህኑን ግን ድስቱን ከመጣዳችሁ በፊት ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት።